የዪሺንግ የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን፦ አመራረጡ፣ አፈታተሹና አያያዙ

የሸክላ የሻይ ማንቆርቆሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ዓይኑ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሆዱ ቅርፅ፣ በቀለሙና ከሥሩ በታተመው ማኅተም ላይ ነው። እኔ ግን አንድ ማንቆርቆሪያ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ክዳኑን አንሥቼ መገልበጥ ነው። የሠሪው ጥንቃቄም ሆነ ችኮላ ከሌላው ክፍል ሁሉ ይበልጥ የሚነበበው ክዳኑና አፉ በሚገናኙበት ጠባብ ቀለበት ላይ ነውና። አማርኛ ክዳንን «ግጣም» ብሎ መጥራቱ ነገሩን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል።

እዚህ የምንነጋገረው በቻይና ጂያንግሱ ግዛት፣ ከታይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በዪሺንግ ስለሚሠሩት ማንቆርቆሪያዎች ነው። የሥራው ማዕከል ዲንግሹ የምትባለው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ስትሆን፣ ጭቃው «ዚሻ» ይባላል፤ ሐምራዊ አሸዋ እንደማለት ነው። በስሙ ሐምራዊ ይባል እንጂ ቀይና ጠይም የሆነው ዚኒ፣ ደማቅ ቀዩ ዡኒ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው ዱዋንኒም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ዚሻ በልማድ የሚያብረቀርቅ ልባስ አይቀባም። ስለዚህ በክዳኑና በአፉ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ወይም ጉድለቱን የሚሸፍን ነገር የለም፤ ሸክላው ከሸክላው ጋር ብቻውን ይገጥማል፣ አለዚያም አይገጥምም።

ክዳን ይህን ያህል ክብደት ያገኘው የሻይ አፈላል ሲለወጥ ነው። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ እ.ኤ.አ. በ1391 ተጠፍጥፎ የደረቀ ሻይ ለቤተ መንግሥት መገበሩ ቀርቶ ልቅ ቅጠል እንዲቀርብ አዘዘ። ቅጠሉን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ መቅዳት እየተለመደ ሲሄድ ሙቀቱንና መዓዛውን የሚይዝ፣ ማንቆርቆሪያው ሲዘነበልም ከቦታው የማይነሣ ክዳን አስፈለገ። ይህ በአንድ ጀምበር አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1533 ከተቀበረው ከጃንደረባው ከዉ ጂንግ መቃብር፣ ናንጂንግ ውስጥ፣ የወጣው ባለ ማንጠልጠያ ማንቆርቆሪያ ዘመናቸው በእርግጥ ከታወቀ የዚሻ ዕቃዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ክዳኑ ሲገለበጥ ዛሬ የምናውቀው ቀለበት የለውም፤ በምትኩ የጭቃ ቁራጮች በመስቀል ቅርፅ ተለጥፈውበታል። መስቀሉ ክዳኑ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ክፍተቱን ግን አይደፍንም። ዙሪያውን የሚሄድ ሙሉ ቀለበት ሲመጣ ነው ክዳኑ መያዝ ብቻ ሳይሆን መዝጋትም የቻለው፤ ከዚህ በታች የምንፈትሸውም ይህንኑ ቀለበት ነው።

ሦስቱ የክዳን ዓይነቶች

የዪሺንግ ሠሪዎች ክዳንን በአቀማመጡ በሦስት ይከፍሉታል፤ አንድን ማንቆርቆሪያ ከመፈተሽ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ለአንዱ ጉድለት የሆነው ለሌላው ተፈጥሮው ሊሆን ይችላልና።

የመጀመሪያው «ያ ጋይ» ነው፤ ተጫኝ ክዳን ልንለው እንችላለን። የክዳኑ ጠርዝ በአፉ ከንፈር ላይ ይጫናል፤ ከንፈሩንም ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ፋንግጉና ደጆንግ የሚባሉት የታወቁ ቅርፆች እንዲህ ያለ ክዳን አላቸው። የክዳኑ ጠርዝ ከታችኛው ከንፈር በጥቂቱ ሰፋ ማለት ይገባዋል፤ ሠሪዎቹ ይህን «ሰማይ ምድርን ይጫን» በሚል አነጋገር ይገልጹታል። ለመፈተሽ የአመልካች ጣትዎን ጫፍ ከላይ ወደ ታች በመጋጠሚያው ላይ ያሳልፉ። ጣቱ ከክዳኑ ወደ ከንፈሩ ሲወርድ ትንሽ ደረጃ ሊሰማው ይገባል፤ ደረጃው ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው በኩል ከገባ፣ ወይ ክዳኑ ወይ አፉ ክብነቱን አጥቷል። ይህ ክዳን ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ከሁሉ የሚመች ይመስለኛል፤ ከላይ የሚፈስበት ሙቅ ውኃ መጋጠሚያው ላይ ሳይቆም በሆዱ ላይ ይወርዳልና።

ሁለተኛው «ቺየን ጋይ»፣ ማለትም ሰማጭ ክዳን ነው። ክዳኑ በአፉ ውስጥ ባለች ጠባብ እርከን ላይ ያርፍና ከከንፈሩ ጋር ይስተካከላል፤ ከላይ ሲታይ መጋጠሚያው አንድ ቀጭን ክብ መስመር ብቻ ነው። ሺ ፒያዎ የሚባለው፣ ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ የሆነው ቅርፅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህን ቅርፅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ካነሡት መካከል ስመ ጥሩው ሠሪ ጉ ጂንግጆው (1915–1996) ይገኝበታል። በሰማጭ ክዳን ላይ የሚታየው የመስመሩ ስፋት ነው፤ ማንቆርቆሪያውን ብርሃን ከጎን በሚመጣበት ቦታ አስቀምጠው ክዳኑን ቀስ ብለው ሲያዞሩት የጥላው መስመር መወፈርና መቅጠን የለበትም። ይህ ዓይነት ክዳን አንድ ጠባይ አለው፤ በመስመሩ ውስጥ ውኃና የሻይ ዝቃጭ ይጠራቀምበታል። ስለዚህ የጽዳት ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይመርጠው ይሻላል።

ሦስተኛው «ጂዬ ጋይ» ነው፤ የተቆረጠ ክዳን ማለት ነው። ሙሉ የነበረ ፍሬ ከላይ በስለት የተቆረጠ ይመስል፣ የሆዱ መስመር ሳይቋረጥ በክዳኑ ላይ አልፎ እስከ ቁንጮው ይዘልቃል። ሺሺ የሚባለው ድብልብል ቅርፅና የእንኮይ ቅርፅ ያላቸው ትናንሽ ማንቆርቆሪያዎች እንዲህ ይከደናሉ። ስሙ እንዲህ ቢሆንም ክዳኑ ለብቻው የሚሠራ እንጂ ከሆዱ ላይ ተቆርጦ የሚወጣ አይደለም፤ አስቸጋሪነቱም ከዚህ ይመጣል። በተጫኝ ክዳን ላይ ትንሽ የስፋት ልዩነት በጠርዙ ሥር ይደበቃል። በተቆረጠ ክዳን ላይ ግን የክዳኑ ስፋት፣ ክብነትና ጉብታ ሦስቱም አንድ ላይ ካልተስተካከሉ ጉድለቱ ከሩቅ ይታያል። ማንቆርቆሪያውን በመስኮት ፊት ለፊት በዓይንዎ ቁመት አስቀምጠው የጎኑን መስመር ይመልከቱ፤ ከዚያ ክዳኑን ሩብ ዙር እያዞሩ አራት ጊዜ ይድገሙት። መስመሩ በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ከሰመረ ክዳኑ በእሳት ተጣሟል ማለት ነው።

ክዳኑን መገልበጥ

ክዳኑን በለስላሳ ጨርቅ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡ። ወደ አፉ የሚገባውን ቀለበት ያያሉ። ቀለበቱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ውፍረቱም ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። ወደ ውስጥ የተጋደመ ቀለበት በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን ክዳኑ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ቁመቱም ይታይ፤ በጣም አጭር ከሆነ ማንቆርቆሪያው የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ሲዘነበል ክዳኑ ይገለበጣል። ቀጥሎ ቀለበቱ ከክዳኑ ገበታ ጋር የተጣበቀበትን ማዕዘን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ቀለበቱ ለብቻው ተሠርቶ በቀጠነ ጭቃ የተለጠፈ ስለሆነ፣ ቸኩሎ የተሠራ ከሆነ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከክዳኑ ሥር ብዙውን ጊዜ የሠሪው ትንሽ ማኅተም ይገኛል፤ ዋናው ማኅተም ከታች ከመቀመጫው ላይ ይሆናል። ከማኅተሙ ይልቅ እኔ የምተማመነው በሸክላው ቀለምና ፍሬ ላይ ነው። ክዳኑና ሆዱ ከአንድ ጭቃ ተሠርተው አንድ ላይ ከተቃጠሉ የአሸዋው ፍሬ መጠንና የቀለሙ ጥልቀት ይመሳሰላል። የተለያየ ከሆነ ክዳኑ ከሌላ ማንቆርቆሪያ የመጣ ሊሆን ይችላልና ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንድ ላይ መቃጠላቸው ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በቁጥር ማየት ይቻላል። ዚኒ ከእርጥብነቱ ተነሥቶ ተቃጥሎ እስኪወጣ በግምት 10 በመቶ ይኮማተራል። እርጥብ ሳለ 60 ሚሊ ሜትር የነበረ አፍ ከእቶን ሲወጣ 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክዳኑ ከሆዱ በ1 በመቶ ብቻ ተለይቶ ቢኮማተር የ0.6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህም ክዳኑ እንዲንቀጫቀጭ ወይም ጨርሶ እንዳይገባ ይበቃል። የዡኒ መኮማተር ከዚህም በእጅጉ ይበልጣል፤ በደንብ የገጠመ የዡኒ ክዳን ሳይ ለሠሪው ያለኝ አክብሮት የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። ሠሪው ይህን ለመቋቋም ክዳኑንና ሆዱን ከአንድ ጭቃ፣ በተመሳሳይ እርጥበት ይሠራቸዋል። ከዚያም በመጋጠሚያው ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ነጭ ዱቄት ነስንሶ፣ ክዳኑን በቦታው እንዳስቀመጠ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ያቃጥላቸዋል። አፉ ጥቂት ቢጣመም ክዳኑም አብሮት ይጣመማል። ከእቶን ከወጣ በኋላ መጋጠሚያው በሚፍቅ ዱቄት ሊለሰልስ ይችላል፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ክዳኑን ያላላዋል።

የአየር ቀዳዳውንም ከሥር ይዩት። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ በቁንጮው መሐል ያልፋል፤ ቁንጮው ድልድይ መሰል በሚሆንበት ጊዜ ግን በክዳኑ ገበታ ላይ ይሆናል። በጥሩ ሥራ ቀዳዳው ከውጭ ጠባብ፣ ከውስጥ ሰፋ ያለ፣ መለከት የመሰለ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሻዩ የሚነሣው እንፋሎት ክዳኑ ሥር ሲቀዘቅዝ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው እኩል በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ ተወጥሮ ሲቀር አየር አያስገባም። ከውስጥ የሰፋ ቀዳዳ ግን ጠብታውን መልሶ ይጥለዋል።

በደረቁና በውኃ መፈተሽ

በመጀመሪያ በደረቁ ይፈትሹ። ክዳኑን ሳይጫኑ በቦታው ያስቀምጡ፤ ቁንጮውን በሁለት ጣት ይዘው አንድ ሙሉ ዙር በዝግታ ያዙሩት። በክብ ማንቆርቆሪያ ላይ ጣትዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ቀላል መፋተግ ሊሰማው ይገባል። በአንድ ቦታ ላይ ቆም ካለ፣ በሌላው ላይ ከላላ፣ ቦታውን ልብ ይበሉ። ከዚያ የክዳኑን ጠርዝ በተቃራኒ ጎኖች ተራ በተራ በቀስታ ይጫኑ፤ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰጠ አንዱ ፊት ጠፍጣፋ አይደለም። ሆኖም ከመፍረድዎ በፊት መቀመጫውን ይጥረጉ። አንድ ጊዜ ለብዙ ወራት ያለ እንከን ያገለገለኝ ማንቆርቆሪያ ክዳኑ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ስንጥቅ ፍለጋ ረጅም ጊዜ በብርሃን ፊት ሳገላብጠው ከቆየሁ በኋላ፣ ከቀለበቱ ማዕዘን ላይ ደርቆ የተጣበቀ፣ ከሸክላው ቀለም የማይለይ የሻይ ቅጠል ቁራጭ አገኘሁ። በጥርስ ብሩሽና በሙቅ ውኃ ሲነሣ ክዳኑ እንደ ቀድሞው ገጠመ።

ቀጥሎ የውኃው ፈተና ነው። ማንቆርቆሪያውን ሦስት አራተኛ ያህል በውኃ ይሙሉት፤ ይክደኑትና ይቅዱ። ውኃው እየወረደ ሳለ በአንድ ጣት የአየር ቀዳዳውን ይድፈኑ። ክዳኑ በደንብ የገጠመ ከሆነ ውኃው ወዲያው ይቆማል፤ ጣትዎን ሲያነሡ እንደገና ይፈሳል። ውኃ ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር መግባት አለበት። ቀዳዳው ሲደፈን፣ በመጋጠሚያው ጠባብ ክፍተት ውስጥ የገባው ስስ የውኃ ሽፋን ሌላውን መግቢያ ይዘጋዋል፤ ውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፤ ከውጭ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ውኃውን በጡቱ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ሌላው የዚሁ ፈተና መልክ ጡቱን በጣት ደፍኖ ማንቆርቆሪያውን መገልበጥ ነው፤ ክዳኑ ሳይወድቅ ይቀራል ይባላል። ይህንኛውን ግን አልመክርም። ቢሳካ የሚነግርዎት የመጀመሪያው ፈተና ከነገረዎት የማይበልጥ ነው፤ ካልተሳካ ግን ክዳኑ ይሰበራል።

ውጤቱንም በልክ ማንበብ ያስፈልጋል። ውኃው ባይቆም ማንቆርቆሪያው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ጡቱ ሰፊ ሲሆን ወይም ውኃው ሲያንስ አየር በጡቱ በኩል እየተንቦጫረቀ ሊገባ ይችላል። በሌላ በኩል ቀዳዳው ሳይደፈን ውኃው እየተቆራረጠ የሚወርድ ከሆነ ቀዳዳው ጠቧል ወይም ተደፍኗል። በሚቀዳበት ጊዜ ከክዳኑ ሥር ውኃ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ከመውቀስዎ በፊት በጡቱ ሥር ያለውን ወንፊት ይመልከቱ፤ ቅጠል ወንፊቱን ሲዘጋው ውኃው መውጫ ያጣና ወደ አፉ ይወጣል። ብዙ ሰው ክዳኑ አይገጥምም ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት መሆኑን አስተውያለሁ።

ክዳኑን በእጀታው ላይ አንኳኩቶ ድምፁን መስማትም የተለመደ ነው። የጠራ ድምፅ ሸክላው በደንብ መቃጠሉን ይጠቁማል፤ ነገር ግን የክዳኑ ጠርዝ ከሁሉም ክፍል ይበልጥ ለመሸረፍ የቀረበ ነው። ድምፁን መስማት የሚፈልግ ማንቆርቆሪያውን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ በጥፍሩ ሆዱን ቢመታ ያንኑ ያገኛል።

ማዕዘን ያላቸውና የተሸነሸኑ ማንቆርቆሪያዎች በሌላ ሚዛን ይታያሉ። አራት ማዕዘን ክዳን ቀጥ ያሉ ጎኖቹ በእሳት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ስለሚለመጡ፣ በጣት ደፍኖ ውኃ ማቆምን ከእርሱ መጠበቅ አይገባም። የእርሱ ፈተና ክዳኑን በአራቱም አቅጣጫ እያዞሩ መክደን ነው። በአራቱም ከገጠመ፣ ጠርዞቹም ከጠርዞቹ ጋር ከሰመሩ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚህም የሚከብደው እንደ አበባ የተሸነሸነው ዓይነት ነው። ሽንሽኖቹ ከመቀመጫው ተነሥተው በሆዱ ላይ አልፈው በክዳኑ በኩል ቁንጮው ላይ ይገናኛሉ፤ ክዳኑ በየትኛውም ሽንሽን ላይ ቢቀመጥ መስመሮቹ ሳይሰበሩ መቀጠል አለባቸው። በሚንግ ዘመን ማብቂያ ስሙ የገነነው ሺ ዳቢን እንዲህ ያሉ ቅርፆች ከሚታወቁበት ዘመን ሠሪዎች አንዱ ነው። ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሰምራሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ መሆን አለበት።

በአገልግሎት ላይ

የአፉ ስፋት የሚፈላውን ሻይ መከተል አለበት። ረጃጅም ቅጠል ያለው ሻይ ሰፊ አፍና ሰፊ ክዳን ይፈልጋል፤ ካልሆነ ቅጠሉ ሲገባም ሲወጣም ይሰበራል። ሰፊ ክዳን ግን ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፤ ስለዚህ ከፍተኛ ሙቀት ለሚወድ፣ ለተድቦለቦለ ቅጠል ጠባብ አፍ ይሻላል።

ሲቀዱ እጀታውን በአውራና በመካከለኛ ጣት ይዘው አመልካች ጣትዎን በቁንጮው ላይ ያሳርፉ። ቀዳዳው በቁንጮው አናት ላይ ከሆነ ጣቱ ወደ ጎን ዘንበል ይበል፤ አለዚያ ሳያውቁት ውኃውን ያቆሙታል። በጓንግዶንግ ግዛት በቻዎጆው አካባቢ በሚዘወተረው የጎንግፉ አፈላል ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው፤ ማንቆርቆሪያው እስከ አፉ በፈላ ውኃ ይሞላና የተንሳፈፈው አረፋ በክዳኑ ጠርዝ ተጠርጎ ይወጣል፤ ክዳኑ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይገጠማል፤ ከዚያ በላዩ ላይ እንደገና ሙቅ ውኃ ይፈስበታል። በዚህ ጊዜ ክዳኑ ከንፈሩን እንዲዳብስ እንጂ እንዲፍቅ አያድርጉ።

ሻዩ ሲያልቅ ቅጠሉን ያውጡ፤ ሆዱንም ክዳኑንም በሙቅ ውኃ ብቻ ያለቅልቁ። ሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት የሳሙናን ሽታ ይይዛል። ቀዳዳውን በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ያጽዱ፤ መርፌና ሽቦ ከንፈሩን ይሸርፋሉ። ክዳኑን ከነእርጥበቱ ገጥመው አይተዉት፤ ውስጡ የታፈነ እርጥበት ሽታ ያመጣል። ከጎኑ በጨርቅ ወይም ለዚሁ በተሠራ የክዳን ማስቀመጫ ላይ አሳርፈው እስኪደርቅ ይተዉት። የላላ ክዳን ለማጥበቅ መጋጠሚያውን በጥርስ ሳሙና ወይም በሌላ የሚፍቅ ነገር እንዲፈትጉት የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት። መፈተግ የጠበቀውን ያላላል እንጂ የላላውን አያጠብቅም።

ክዳን የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ሲቀዳ ሳይሆን ቅጠል ሲወጣ ነው። የእኔዋ ትንሽ የዡኒ ማንቆርቆሪያ ክዳን የተሸረፈው እንዲሁ ነው፤ በእርጥብ እጅ አንሥቼው ሲያዳልጠኝ በእንጨት ገበታው ላይ ወድቆ ከቀለበቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ተነሣች። ዛሬም ሻይ አፈላበታለሁ፤ ነገር ግን ቀዳዳውን ስደፍን ውኃው አይቆምም። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ከእጀታው ጋር በቀጭን የጥጥ ክር ማሰርን ልማድ አድርጌያለሁ። ክሩ በቁንጮው አንገት ላይ ይታሰር፤ ክዳኑ ተነሥቶ ከማንቆርቆሪያው ጎን ለማረፍ የሚበቃው ርዝመት ይኑረው እንጂ ከዚያ አይትረፍ፤ ቋጠሮውም ከአየር ቀዳዳው ይራቅ።